ባለሊፕስቲኳ

ልጄ፣ ዓይኔ፣ በሰው አገር ክፉ አይንካሽ፤ የአክስትሽን ቤት ሰላም ያድርግልሽ። እኔና ሆዴ ውስጥ ያለው ታናሽሽ ደህና ነን።

ባለፈው ሳምንት ሲክል ሴል የሚሉት የደም ሕመሜ ተነስቶ አጥንቴን ሲሰባብረኝ ክሊኒክ ሄድኩ። ነርሷ አየችኝና «የታመመ ሰው ሊፕስቲክ ይቀባል? ተራሽን ጠብቂ» አለችኝ። አንቺን ሳረግዝም እንዲሁ ብለውኝ ዝም ስላልኩ፣ ሁለታችንም የተረፍነው ለጥቂት ነው። በዚህኛው ግን ሄጄ ዋናው ሐኪም በር ላይ ተቀመጥኩ፤ ካልታከምኩ አልነሳም አልኩ። ሐኪሙ ወጥቶ ራሱ አከመኝ፤ ነርሶቹንም አዘዘ። አሁን ይህ ሕመም ባለባቸው እርጉዞች ሁሉ ካርድ ላይ በቀይ «አመመኝ ካለች ተራ አትጠብቅም» ተብሎ ተጽፏል። ነርሷም ትናንት «ባለሊፕስቲኳ መጣች» ብላ እየሳቀች ከሁሉ አስቀድማ ግፊቴን ለካችኝ።

ውሃሽን ጠጪ፣ እናቴ። ያንቺም ደም የኔው ነውና፣ ሲያምሽ አክስትሽን «ደህና ነኝ» አትበያት። አምሮብሽም ቢሆን ንገሪያት። በጤና ያገናኘን።

እናትሽ