በምላጭ የተለካው የኢንጂነር መርዳሳ ተጠቃሽነት

ሐምሌ 1976 ዓ.ም.

ለክቡር ጓድ ሙሉአለም
የመስኖ ቁጥጥር ጥናት ጣቢያ፣ የተጠቃሽነት መለኪያ ኮሚቴ ሰብሳቢ
ናዝሬት

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤንነት፣ በጥሩ እንቅልፍና በተረጋጋ ልብ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። የጣቢያው ታይፒስት የሆንኩት እኔ ወሰንየለሽ ኡርጌሳ፣ እንቅልፉ ሲቀር፣ ደኅና ነኝ። እያንዳንዱ ሠራተኛ ግለ ሂሱን ጽፎ በማስታወቂያ ሰሌዳው እንዲለጥፍ ባለፈው ሰኞ በውይይት ክበብ ስላዘዙን፣ ትእዛዝዎን አክብሬ የእኔን እነሆ ለጥፌአለሁ። የእርስዎ ስም በመካከሉ የገባው ከጥፋቴ ሊነጠል ስላልቻለ ነውና ይቅርታዎን እለምናለሁ።

አስቀድሜ ላመስግንዎ። ኮሚቴዎ የእያንዳንዱ ተመራማሪ ሥራ በሌሎች ጥናቶች ውስጥ ስንት ጊዜ እንደተጠቀሰ ቆጥሮ ዋጋውን በቁጥር ማስቀመጡ በጣቢያችን ከዚህ በፊት ያልታየ ጥንቃቄ ነው። በዚሁ ቆጠራ የኢንጂነር መርዳሳ ፉፋ የ1967 ዓ.ም. ጥናት አንድም ቦታ ሳይጠቀስ ስለተገኘ፣ የቀረው ብቸኛ ቅጂ የፊታችን ዓርብ ከውዳቂ ወረቀት ጋር ለገበያ መጠቅለያ እንዲወጣ ወስነዋል። ውሳኔውን በታይፕ የመታሁት እኔ ነኝ። ዜሮዋ ላይ ስደርስ ጣቴ አልታዘዝ ብሎኝ ገጹን ሦስት ጊዜ ደገምኩት፤ ለባከነው ወረቀት ተጠያቂ ነኝ።

ቅሬታዎቼ፣ ቅሬታ ሊባሉ ከተገባቸው፣ የሚከተሉት ናቸው።

1ኛ/ ኢንጂነር መርዳሳ የሠሩት፣ የቦዩ ውኃ ሲሞላና ሲጎድል ያለ ሰው እጅ ራሱን የሚከፍትና የሚዘጋ በር ነበር። በሩ ያጠፋውን እያየ ያርማል፤ ይህንንም ያለ ስብሰባና ያለ ቃለ ጉባኤ ያደርገዋል። በጣቢያችን እውነተኛ ግለ ሂስ የሚያደርግ እሱ ብቻ ይመስለኛል። ዛሬም ይሠራል። የቦዩ ጠባቂ አቶ ጃራ ጠዋት ጠዋት የበሩ ሰንሰለት ሲንቀሳቀስ በሰሙ ቁጥር ቆባቸውን አውልቀው «አካም ቡልቴ» ይላሉ። ማንን እንዴት አደርክ እንደሚሉ ጠይቄአቸው አላውቅም፤ እኔም በዚያ ሳልፍ እላለሁና። ይህ በኮሚቴው መለኪያ እንደ መጠቀስ ይቆጠር እንደሆነ ቢገለጽልኝ ደስታውን አልችለውም።

2ኛ/ በጥር 1970 ኢንጂነሩ ለአጭር ጥያቄ ትፈለጋለህ ተብለው ከቢሮ ሲወሰዱ፣ ሁለተኛውን ጥናታቸውን እየጻፍኩላቸው ነበር። «ገጹን ከማሽኑ እንዳታወጪው፣ መጣሁ» ብለውኝ ወጡ። አጭሩ ጥያቄ ይኸው ስድስት ዓመት ተኩል ሆነው። ገጹን ያወጣሁት በአሥራ ሁለተኛው ቀን ነው፤ የእርስዎ ደብዳቤ አስቸኳይ ነበረና።

3ኛ/ ያ አስቸኳይ ደብዳቤ የኢንጂነሩ ጥናት ቅጂዎች ተሰብስበው እንዲቃጠሉ፣ ስማቸውም ከሌሎች ተመራማሪዎች ጥናት ሁሉ እንዲወጣ የሚያዝ ነበር። ከቅጂዎቹ አንዱ ተረስቶ ተረፈ። ስማቸውን ቆርጬ ለማውጣት ከንብረት ክፍል አንድ ምላጭ በሞዴል 22 ፈርሜ ተረከብኩ። በዘጠኝ ጥናቶች ውስጥ ሠላሳ አንድ ቦታ አገኘሁት፤ ሠላሳ አንዱንም ቆረጥኩ። ፈርቼ ነው። ለልጆቼ ብዬ ነው እንዳልል ልጆች የሉኝም፤ ለራሴ ፈራሁ። ዛሬ ከእነዚያ ጥናቶች አንዱን የሚገልጥ ሰው «ይህን ዘዴ ያገኙት» ከሚለው ቀጥሎ ቀዳዳ ያገኛል፣ በቀዳዳውም ከሥር ካለው ገጽ «ውኃ» የሚል ቃል ብቅ ብሎ ያየዋል። እኔ ዓይኔን ስጨፍን እንኳ ይታየኛል። ኮሚቴው ቀዳዳዎቹን ሳይቆጥር ማለፉ ከሥራ ብዛት እንጂ ከዓይን ድካም አይመስለኝም።

ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱን በምላጭ አስለቀቅነው፤ የቀረሁት እኔ ሞኟ ነኝ። ቁራጮቹን አልጣልኳቸውም። ከየትኛው ጥናት፣ ከስንተኛው ገጽ እንደወጡ በጀርባቸው በእርሳስ ጽፌ በክብሪት ቀፎ አኑሬአቸዋለሁ። ስለዚህ ኢንጂነር መርዳሳ ፉፋ የተጠቀሱት ሠላሳ አንድ ጊዜ ነው። በጣቢያችን የእሳቸውን ያህል የተጠቀሰ የለም፤ እርስዎ በሃያ ሰባት ይከተሏቸዋል። ዜሮው ታርሞ ሠላሳ አንድ እንዲባል፣ ቅጂውም ከመደርደሪያው እንዳይነሳ በትሕትና እጠይቃለሁ። ዓርብ መኪናው ሲመጣ ቅጂውን አቅፌ መዝገብ ቤቱ በር ላይ ስለምገኝ ፍለጋ አያስቸግርም።

ስላመኑኝ፣ ስለ ምላጩና ጥፋቴን እንድናገር ስለሰጡኝ ዕድል እጅ እየነሳሁ፣ ታማኝ ጸሐፊዎ፣

ወሰንየለሽ ኡርጌሳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ በአባሪነት በሰጠሁት የክብሪት ቀፎ ውስጥ ያሉት ሠላሳ ቁራጮች ናቸው። አንዷን የኢንጂነሩ እናት አዴ ጉዲቱ ወስደዋታል። አስከሬን የሚሰጣቸው ስላጡ እርማቸውን ሳያወጡ ኖረው፣ ባለፈው እሑድ ቁራጯን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወስደው መልካሳ ከልጃቸው አባት መቃብር አጠገብ ቀበሯት፤ አልቅሰውም ተመለሱ። ቁራጯ የወጣችው ከእርስዎ ጥናት፣ ምስጋና ካቀረቡበት ከገጽ ሦስት ነው። ምላጩ አስቶኝ አንድ ቃል አብሬ ቆርጬ ኖሮ «ወዳጄ መርዳሳ ፉፋ» ትላለች። አዴ ጉዲቱ ልጃቸውን «ወዳጄ» ያለው ማን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ነገርኳቸው። ዓርብ ሊያመሰግኑዎ ይመጣሉ።