ለፈረንሳይኛው ልብወለድ አጣሪ ኮሚቴ የቀረበ ምስጋና

ካናዳ፣ ስካርቦሮ በሚገኘው ጉባኤያችን የተከበራችሁ ሽማግሌዎች፤

ጸጋና ሰላም ይብዛላችሁ፤ የደም ግፊታችሁንም ቢያንስ ይህን ደብዳቤ አንብባችሁ እስክትጨርሱ ጌታ ይጠብቅላችሁ። እኔ በየእሑዱ ሦስተኛው ረድፍ ላይ የምቀመጠው ብርሃነሽ ነኝ፤ ፈረንሳይኛን ከአባቷ የተማረችው የድሬዳዋው የምድር ባቡር ሠራተኛ ልጅ። ኦክታቭ ላሮሽ የተባለ ሰው በፈረንሳይኛ የጻፈው ልብወለድ ስለ እኛ ቤተ ክርስቲያን የሚናገር መሆኑን ሰምታችሁ፣ «ይህ የብዕር ስም ነው፤ ሰውየው በመካከላችን ተደብቋል» በማለት ላቋቋማችሁት አጣሪ ኮሚቴ፣ በአደባባይ ምስጋናዬን ሳላቀርብ ብቀር ንፉግ ያሰኘኛል።

አንደኛ፣ ስለ ትጋታችሁ። ሕሙማንን የሚጠይቅ ሰው ጠፍቶ ስንት ጊዜ የተማጸንን ሰዎች፣ አንዳችሁም ለማታነቡት መጽሐፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ኮሚቴ፣ ሰብሳቢና የጾም ጸሎት ሲገኝለት አይተናል። የራሷ እያረረባት የሰው ታማስላለች የሚለው ተረት እናንተን እንደማይመለከት እርግጠኛ ነኝ።

ሁለተኛ፣ ጥፋተኛውን ስላገኛችሁበት ጥበብ። በመዝሙር ጊዜ ኪቦርድ የሚመታልን ወንድም ፍጹም ፈረንሳይኛ በሚነገርባት ሞንትሪያል መጋዘን ውስጥ ሠርቶ ስለነበር ብቻ ጸሐፊው እሱ ነው ብላችሁ ከአገልግሎት አገዳችሁት፤ ንስሐ እስኪገባም ድረስ በሚቀጥለው ወር ከሀኒ ጋር ሊፈጽም የነበረውን ጋብቻ አንባርክም አላችሁ። ፍጹም ከፈረንሳይኛ የሚያውቀው ቦንዡር የሚባለውን የቀን ሰላምታ ብቻ ነው፤ እሱንም ማታ ማታ ይለዋል። የሀኒ እናት ግን ስንት ጊዜ የተከለከለችውን ቪዛ አግኝታ ለሠርጉ መጥታለች፤ ልጅቷም በጉባኤው መካከል አንገቷን ደፍታ ትቀመጣለች። ይህ ያናድደኛል፤ በጨዋ ቋንቋ ልለው ሞክሬ አልሆነልኝም።

ሦስተኛው የግሌ ነው። ሰብሳቢው ጋሽ ዘመድኩን መጽሐፉን ይዘው መጥተው «እህት ብርሃነሽ፣ እቺን ቻፕተር ትራንስሌት ያድርጉልን፤ ይሄ ሰው ሳይጋለጥ አንተኛም» ሲሉኝ ታላቅ ክብር ተሰምቶኝ፣ በስብሰባችሁ ላይ ቃል በቃል ተረጎምሁላችሁ። በምዕራፉ ያለው ሽማግሌ የወንድሙን ልጅ ወደ ካናዳ ማምጣት ስለፈለገ፣ አንዲትን ልጅ «ባልሽ እሱ እንደሆነ ጌታ አሳየኝ» ብሎ አግብታ ስፖንሰር እንድትሆነው ያደርጋታል፤ ባልየውም የመኖሪያ ወረቀቱን እንዳገኘ ጥሏት ይሄዳል። ይህን ስትሰሙ ጋሽ ዘመድኩን «ስሜን ለማጥፋት ነው» ብለው ተነሡ። ወንድም ሃብታሙ «የለም፣ የተነካሁት እኔ ነኝ» አሉ። ወንድም ታዴዎስ ውሃ ጠየቁ።

የተከበራችሁ አባቶች፣ እኔ የማውቀው የአንዲት ዘመዴን ታሪክ ብቻ ነበር፤ ከሦስታችሁ የማን ሥራ እንደሆነ ባለቤቱ ያውቀዋል። የቀሩትን ሁለቱን የነገራችሁኝ እናንተው ናችሁ።

ኮሚቴው ሥራውን በሰላም ይጨርስ ዘንድም ልርዳው፤ ኦክታቭ ላሮሽ እኔ ነኝ። በአማርኛ ብጽፈው ታነቡት ነበር፤ በእንግሊዝኛ ብጽፈው ልጆቻችሁ ያነቡላችሁ ነበር፤ ዘመዴ ደግሞ ማንም እንዳያውቅባት አልቅሳ ለምናኝ ነበር። የወንድ ስም ያወጣሁት ለእሷ ስል ነው። አንዲት ሴት መጽሐፍ ትጽፋለች ብላችሁ ለአፍታ እንኳ ባለመጠርጠራችሁ መደበቂያችንን ስላጠናከራችሁልን ሁለታችንም እናመሰግናለን።

አሁንም በሦስተኛው ረድፍ ላይ የምገኝ፣ ለመታገድ የተዘጋጀሁ ትሑት እህታችሁ ብርሃነሽ ነኝ፤ አቶ ኦክታቭ ላሮሽም ባርኔጣቸውን አንሥተው ሰላም ይሏችኋል።

ማሳሰቢያ፦ ይህን ደብዳቤ ከመላኬ በፊት ዘመዴ አንብባዋለች። ፍጹም የፊታችን እሑድ ወደ ኪቦርዱ ካልተመለሰና ጋብቻው ካልተባረከ፣ ሁለተኛውን መጽሐፍ በአማርኛና በገዛ ስማችን እንዳወጣው ፈቅዳልኛለች። ያን ጊዜ ለአስተርጓሚ አትቸገሩም።