የማንጎው መሬት ግብር

ጃንዋሪ 6፣ ሰኞ
በዚህ ደብተር ፊት፣ ማንም ሳያስገድደኝ፣ በሙሉ ልቦናዬ እናዘዛለሁ፦ ዛሬ ውሻውን ያበጠርኩት በአያቴ በሎሎ ባዶንግ ማበጠሪያ ነው። ውሻው አማረበት። ሎሎም ከሰዓት በዚያው ፀጉሩን ሲያበጥር ምንም አላወቀም። ትንሽ አከከው እንጂ…

ሌላ ወሬ የለም። ሩዝና የደረቀ ዓሣ በላን።

ጃንዋሪ 8፣ ረቡዕ
ቤታችን ማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል! "ግብር ያልከፈሉ፣ ለጨረታ የሚቀርቡ" ከሚለው ሥር። እንዴት? ሎሎ እኮ ከሁለት ዓመት በፊት የምናርስበትን ጎሽ ሸጦ የአምስት ዓመቱን ግብር ባንዴ ከፍሏል። ደረሰኙን እንደ ቅዱስ ሥዕል በመስተዋት አድርጎ ሳሎን ሰቅሎታል።

አውርደን ይዘነው ሄድን። ጸሐፊዋ አየችው።
"አባባ፣ ይሄ የቤትዎ ቁጥር አይደለም። ያጠገቡ ነው። የማንጎው መሬት።"

የማንጎው መሬት! ሎሎና የአጎቱ ልጅ ፕሩዴንስዮ እኔ ሳልወለድ ጀምሮ የሚጣሉበት!

"በስህተት የከፈሉት ለቤትዎ ይዞርልዎታል። ግን በከፈሉ በሁለት ዓመት ውስጥ በጽሑፍ መጠየቅ አለብዎት። የእርስዎ የሚመጣው ሳምንት አርብ ያልቃል።"
"ምክንያቱ ምን ተብሎ ይጻፍ?" አልኩ።
"መሬቱ የእኔ አይደለም ተብሎ።"
ሎሎ ደረሰኙን ነጥቋት ወጣ።

ጃንዋሪ 9፣ ሐሙስ
ምንም አልገባኝም።
አያቴ ሎላ ስዮን፦ "ፈርም አንተ ሽማግሌ! ቤታችን ሊሸጥ ነው!"
ሎሎ፦ "ማን ተሳሳተ? ግብር የከፈለ ነው ባለቤት!"
እዚህ ሰፈር ሽማግሌ ሁሉ እንደዚያ ነው የሚያምነው። ደረሰኝ ካለህ መሬት አለህ። ታዲያ ሎሎ ሆን ብሎ ነው የከፈለው? ሆን ብሎ ከሆነ ስህተት አይደለም። ስህተት ካልሆነ አይመለስም። ስህተት ነው ካለ ደግሞ ማንጎው ሄደ… ራሴን አመመኝ።

ጃንዋሪ 13፣ ሰኞ
ማመልከቻውን እኔው ጻፍኩለት።
"ሎሎ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"
"ምን?"
"ይፈርሙ!"
"አይሰማኝም።"
የሳንቲም ኮሽታ ከጎረቤት የሚሰማ ሰውዬ!

ፕሩዴንስዮ ባጥር በኩል አንገቱን አሰገገ። "ጋሼ ባዶንግ! ግብሬን ስለከፈልክልኝ እግዜር ይስጥልኝ! አምስት ዓመቱ ሲያልቅም እንዳትረሳኝ!" ሎሎ ጫማ ወረወረበት። ይሄንንስ ሰምቷል።

ጃንዋሪ 16፣ ሐሙስ
ሎላ ድስቶቹን በጋዜጣ እየጠቀለለች ካርቶን ውስጥ ትከታለች። አትጮህም። ሎሎ በሩ ላይ ቆመ።
"የት ልትሄጂ ነው?"
"ጨረታው ሲመጣ እንዳልቸኩል ብዬ ነው።"
እራቱን አልበላም። እኔ በላሁለት። ግን አልጣመኝም… ለምን?

ጃንዋሪ 17፣ አርብ
ጠዋት ሎሎ "እንዳትከተይኝ" ብሎ ወጣ። ተከተልኩት እንጂ!

የኔን ማመልከቻ አልተጠቀመም። ማዘጋጃ ቤቱ ውስጥ ቆሞ፣ በገዛ እጁ፣ "መሬቱ የእኔ አይደለም" ብሎ ጻፈ። ጸሐፊዋ ማህተሙን መታች። በቃ፣ ቤታችን ተረፈ። ሎላ ድስቶቹን እያወጣች ትዘፍናለች። እኔም መደሰት ነበረብኝ…

ይሄን የምጽፈው ማንጎው ላይ ወጥቼ ነው። ጥሩ ቅርንጫፍ አለው። ቆይ… ሎሎ መጣ። ባጥሩ ሾልኮ ገባ። ግንዱን በመዳፉ ይደባብሰዋል፣ ልክ የሸጠውን ጎሽ ይደባብስ እንደነበረው። ምን እያለው ነው? አይሰማም። ባርኔጣውን አወለቀ። አሁን ቀና… አየኝ!

"ነይ ውረጂ ከሰው ዛፍ ላይ፣ ሄርሚኒልዳ!"