ጎታታዋ ጋሪ

ውድ ዊኒ፣

የዚህ አገር ዳገት ከኛ የቤተ ክርስቲያን መንገድ አይብስም፤ እኔ ግን እንደ ልማዴ መጨረሻ ነኝ። የእግር ጉዞ ማኅበራችንን ታውቂዋለሽ፤ ፈጣኖቹ በየአጥሩ በር ላይ አርፈው ይጠብቁኛል፤ ስደርስ ብድግ ብለው ይሄዳሉ። ልጄ ኪት ከተቀበረ ወዲህ ማንም አልቀለደብኝም፤ በአዘኔታ ብቻ ያዩኛል። ዛሬ ሽማግሌው ክላይቭ አፉ አምልጦት፣ «ነይ እንጂ፣ አንቺ ጎታታ ጋሪ! ቀንድ አውጣ እንኳ ቀደመሽ!» አለኝ። ኪት ሲጠራኝ የኖረበት ስም ነው። ሁሉም ደነገጡ። እኔ ግን ሳቄ መጣ። ፔርሙዜን አውጥቼ፣ «ሻዬን ሳልጨርስ ማንም እንዳይነሳ!» አልኳቸው። ተመልሰው ተቀመጡ። ፖስት ካርዱ ላይ ቦታ አለቀብኝ፤ ባልሽን ሬጅን ሳሚልኝ። ስመለስ አንቺም እንደ ድሮው ስደቢኝ።

ኤድና