እማዬ ሜዳ የገባች ዕለት

ይድረስ ለምወድህና ለምሳሳልህ ወንድሜ ለይታገሱ፣ ካለህበት ጅግጅጋ።

ወንድምዓለም፣ እንደምን ከርመሃል? ጤናህስ እንዴት ነው? ወገብህ ተሻለህ ወይስ ዛሬም ብሎኬቱን ለብቻዬ ካልተሸከምኩ ትላለህ? የጅግጅጋው ንፋስና አቧራ ዓይንህን አሁንም ያስቸግርሃል? ፋሲካንስ ከማን ጋር ዋልክ፣ ዶሮ የሚሠራልህ ሰው አገኘህ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከአንተ ናፍቆት በቀር የጎደለብን የለም። እማዬ ደህና ናት፤ ባለቤትህ ህይወትም ደህና ናት። ስትሄድ በጨርቅ ተጠቅልሎ የነበረው ልጅህ ንብረት ጥርስ አውጥቶ ያገኘውን ሁሉ መንከስ ጀምሯል። ባለፈው ጣቴን ነክሶኝ ሲስቅ ቁርጥ አንተን መሰለኝ።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልህ የጭነት መኪና የሚነዳው ጎረቤታችን ጌታሁን ነው። ስልክ እያለ ደብዳቤ ምን አመጣው እንዳትል። ባለፈው ስደውልልህ ነገሬን ሳልጨርስ ዘጋህብኝ። እውነቱን ልንገርህ፣ የምሠራበት ስፌት ቤት ጓሮ ገብቼ አለቀስኩ። እንግዲህ ወረቀት አይዘጋም፤ ብትናደድ እንኳ አጣጥፈህ ኪስህ ትከተዋለህ፣ ሲበርድልህም ታነበዋለህ ብዬ ነው።

ነገሩን ከሥሩ ላስረዳህ። ከጥር ወዲህ በዞናችን የሴቶች ራግቢ ቡድን ተቋቁሟል። ከፍኖተ ሰላም፣ ከቡሬና ከሽንዲ የተሰባሰብን ልጆች ነን። ራግቢ ማለት ቅል የመሰለ ሞላላ ኳስ በእጅ ይዞ ሮጦ ከተጋጣሚ መስመር ማዶ መሬት ማስነካት ነው። ወደፊት ትሮጣለህ እንጂ ኳሱን ወደፊት አትወረውርም፤ ለጓደኛህ የምታቀብለው ወደኋላ ብቻ ነው። ኳሱን የያዘችውን ልጅ ደግሞ ወገቧን ይዞ መጣል ይፈቀዳል። አንተን ያስቆጣህ ይኸኛው እንደሆነ አውቃለሁ። ለእማዬ ደውለህ፣ ሴት ልጅ ሜዳ ላይ ስትንከባለል ሰው ምን ይላል፣ አጥንቷ ቢሰበርስ ማን ሊያስታምማት ነው፣ ሄደሽ አምጫት እንዳልካት እሷው ነግራኛለች። እሷም እሺ ብላህ ነበር።

ወደ ቡድኑ የጎተተችኝ ናጂሃ ናት፤ እዚህ ፍኖተ ሰላም የምሠራበት ስፌት ቤት ባለቤት የአቶ ሙዓዝ ልጅ። እንደ ሸምበቆ ቀጭን ናት፣ ስትይዝህ ግን አትለቅም። አሰልጣኛችን አሸናፊ የስፖርት መምህር ነው። ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ስለተጋጠሙ እኛ እስከ ዘጠኝ ሰዓት፣ ናጂሃ እስከ ማፍጠሪያዋ እህል ውኃ ሳንቀምስ ስንሮጥ አይቶ አንጀቱ አልችል አለና ልምምዱን ወደ ማለዳ አዞረልን። ማልያችንን እኔና ናጂሃ ነን የሰፋነው። ጨርቁ ስላጠረን የአንዳንዶቻችን እጅጌ ሌላ ቀለም ሆኗል፤ ሰው ግን ሆን ተብሎ የተሠራ ነው የሚመስለው።

ከበዓላቱ በኋላ የደብረ ማርቆስ ልጆች ፍኖተ ሰላም ድረስ መጥተው ገጠሙን። እንዴት እንደተሸነፍን ብነግርህ ተቆጥተህም ቢሆን ትስቃለህ። ናጂሃ አንዷን ልጅ ወገቧን ይዛ ጣለቻት፤ ጥሩ አጣጣል ነበር። ልጅቱ መሬት ላይ ዘፍ ስትል ግን ናጂሃ ሆዬ እኔን ድፍት ያርገኝ ብላ ለቀቀቻት፣ እጇንም ይዛ አነሳቻት። ኳሱ ከልጅቱ ብብት አልወጣም ነበርና ብድግ ብላ ሮጠች፣ አገባችም። ናጂሃ አቧራ ልታራግፍላት እጇን እንደዘረጋች ቀረች። ትንሽ ቆይቶ እኔም ያንኑ ደገምኩት። ምን ላድርግ? ሰው ሲወድቅ እኔን ብለን ተሯሩጠን ማንሳትን ከእናት ጡት ጋር ነው የጠባነው። አሸናፊ ጭንቅላቱን ይዞ አታንሷት እያለ ሲጮህ፣ ከተመልካቹ መካከል አንድ አዛውንት የወደቀ ሰው አታንሱ የሚል ምን ዓይነት አስተማሪ ነው ብለው ገሠጹት። ከሽንፈቱ ይልቅ እሱ አሳፈረው መሰለኝ።

በማግስቱ ልማዱን ሊያስተወን ሞከረ፤ አልሆነለትም። እኔን ማለት እንደተሸመደደ ዳዊት አፋችን ላይ ነው ያለው። በመጨረሻ፣ በአፋችሁ የፈለጋችሁትን በሉ፣ እጃችሁ ግን ፊሽካ ሳይነፋ ማንንም እንዳያነሳ አለንና ተስማማን።

ሁለተኛው ግጥሚያ ባለፈው እሁድ ከእማዬ ቤት በማይርቀው በቡሬ ሆነ። ማለዳ ህይወት ደወለችልኝና፣ እናታችን ከቅዳሴ መልስ ወደ ሜዳው እንደምትመጣ፣ ጨዋታው ሲያልቅ ፍኖተ ሰላም ድረስ አብራኝ ሄዳ ልብሴን ሸክፋ እንደምትመልሰኝ፣ ለዚሁም ባዶ ማዳበሪያ እንደያዘች ነገረችኝ። ወንድምዓለም፣ የመጨረሻዬ ነው ብዬ ገባሁ። እማዬን ከሜዳው ዳር አየኋት፤ ጥላዋን ዘርግታ፣ ማዳበሪያውን ጉልበቷ ላይ አጣጥፋ ተቀምጣለች። ህይወትም ንብረትን አዝላ ከጎኗ አለች።

የማርቆስ ልጆችም የእኛው አገር ልጆች ናቸውና እነሱም ሲጥሉን እኔን ይላሉ። ሜዳው የልቅሶ ቤት መሰለ። ከእረፍት በኋላ ናጂሃ ኳሱን አቀበለችኝና ጥጌን ይዤ ስሮጥ፣ አንዲት ረጅም ልጅ በትከሻዋ መጥታ አነሳችና አፈረጠችኝ። ትንፋሼ ቁርጥ አለ። ዓይኔን ስገልጥ ከላዬ የቆመችው እማዬ ናት! ጥላዋን ወዲያ ጥላ፣ መስመሩን አልፋ ገብታለች። ዳኛው ምን ያድርግ? ፊሽካውን ነፋ። ፊሽካው ሲነፋ ደግሞ እጃችን ተፈታ ማለት ነውና የእኛም የእነሱም ልጆች ግር ብለው መጡ። አንዷ ራሴን ደገፈች፣ አንዷ ውኃ አፈሰሰችብኝ፣ ናጂሃ ጫማዬን ፈታች። የጣለችኝ ልጅ እግሬን ይዛ ትነፈርቃለች። እማዬ ክንዴን፣ ጎኔን፣ ቁርጭምጭሚቴን ዳሰሰች፤ የተሰበረ የለም። ከዚያ ወደ ልጅቱ ዞራ የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቀቻት፣ በነጠላዋ ጫፍም እንባዋን ጠረገችላት። እኔን እዚያው ትታ ጥላዋን አንስታ ወደ ቦታዋ ተመለሰች። እኔ ልውጣ ልቅር ሳላውቅ ተገትሬ ቀረሁ። በእጇ ሂጂ፣ ሂጂ እያለች አባረረችኝ።

በጠባብ ልዩነት አሸነፍን። ያገባሁት እኔ አይደለሁም፣ ናጂሃ ናት።

ወደ መናኸሪያው ስንሄድ እማዬ ከፊት ከፊቴ ትራመዳለች። አሁን ልብስሽን ሰብስቢ ትለኛለች እያልኩ እከተላታለሁ። መናኸሪያው በር ላይ ስንደርስ ቆመችና፣ አባትሽ ካረፈ ጀምሮ እኔ አንድ ቀን ስሄድ ይቺን ልጅ ብትወድቅ ማን ያነሳታል እያልኩ ስሰጋ ነበር የኖርኩት አለችኝ። ዛሬ ከእኔ እኩል ስንት ሴት እንደደረሰልሽ አየሁ አለች። ይህን ብላ ማዳበሪያውን ለህይወት ሰጠቻት፤ የበቆሎ ዘር ያዢበት፣ የሰኞ ሥራ አለብን አለቻት። ጉልበቷን ስሜ ብቻዬን ፍኖተ ሰላም ገባሁ።

ሰው ምን ይላል ላልከው፣ ሰውማ ብሏል። ከእማዬ ጎን የነበሩ ሴትዮ ያቺ እንደገና ተነስታ የምትሮጠው የማን ልጅ ናት ሲሉ፣ እማዬ አፏን ሞልታ የእኔ ናት እንዳለች ህይወት አጫውታኛለች።

በሰኔ መጀመሪያ ለክልሉ ውድድር ባሕር ዳር እንሄዳለን፤ ከተመረጡት አንዷ እኔ ነኝ። እሄዳለሁ ወንድምዓለም። ፈቃድ እየጠየቅኩህ አይደለም፣ ፈቃዱን ከእናቴ አግኝቻለሁ። ነገር ግን አባታችን ከሄደ ወዲህ አባት የሆንከኝ፣ በጀርባህ ብሎኬት ተሸክመህ ያስተማርከኝ አንተ ነህና ምርቃትህን እፈልጋለሁ። ሳትመርቀኝም እሮጣለሁ፤ እግሬ ግን ይከብደኛል።

ህይወትን እጅግ ናፍቀሃታል፤ የላክላት ሻርፕ ደርሷታል፣ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ብቻ ነው የምትለብሰው። ንብረት ሰላም ሊልህ ባይችልም፣ ህይወት ዛሬ ለገበያ ይዛው መጥታ ነበርና ወረቀቱን ጥግ ላይ ነክሶልሃል፣ እየው። ባታውቅህም ናጂሃ ሰላም ትልሃለች፤ እንዳትቆጣት። አሸናፊም ሰላምታውን ያቀርባል። እማዬ የእናትነት ሰላምታዋን እየላከች፣ አምጫት ብሎኝ ነበር፤ ሄጄ አየኋትና ትቻት ተመለስኩ በይልኝ ብላሃለች።

የምትወድህ እህትህ
ሥርጉት
ፍኖተ ሰላም
ግንቦት 10 ቀን 2014 ዓ.ም.