ሰው ሳይሞት የተተከለ ድንኳን

ቡታጅራ፣ ጥቅምት 19 ቀን 2016 ዓ.ም.

ለልጄ ለሳቢሪን፤

አሰላሙ አለይኩም። የጅዳ ሙቀት እንዴት ይዞሻል? እኛ አልሐምዱሊላህ ደህና ነን። ስትደውዪ እናትሽ ስልኩን ከእጄ ስለምትነጥቀኝ፣ ያልነገርኩሽን ጽፌ ወደዚያ በሚመጣው በሙባሪክ ልኬልሻለሁ።

ባለፈው ሰሞን "እናትሽ ገበያ ሄዳለች" ያልኩሽ ውሸት ነው። ኮሌራ ይዟት ነበር። በባጃጅ ሆስፒታል ሳደርሳት አልጋው ሁሉ ሞልቷል፤ ኮሪደሩ ላይ እንኳ መርገጫ የለም። አደይ የምትባል ነርስ፣ "ግሉኮስ አለን፤ ያጣነው ማስተኛ ነው። ከዝናብ የሚከልል ነገር ካመጣችሁ ግቢው ውስጥ እናክማታለን" አለችኝ።

የእድራችን ድንኳን ትዝ አለኝና ወደ ሰብሳቢው ወደ ጋሽ ባልቻ ሮጥኩ።

"ደንቡ ሰው ካልሞተ አይወጣም ይላል" አለኝ።

"ታዲያ እስክትሞት እንጠብቅ?"

የዕቃ ቤቱን ቁልፍ አነሳ፤ ድንኳኑን ከእድሩ ፍራሽ ጋር ጭኖ መጣ።

ድንኳኑ ተተክሎ ሲያበቃ እናትሽ ከባጃጁ አልወርድም አለች። ድምፅዋ ተዘግቷል።

"ለቅሶ ቤት አልተኛም።"

"ይሄ የሠርጉ ነው፣ ሀሊሜ" አላት ባልቻ።

"ጥጉን የጣፍኩት እኔ አይደለሁ? ማንን ነው የምትዋሸው?"

"እንግዲያ ስንት ዓመት ስታዋጪ ኖረሽ ሌላው ብቻ ይገልገልበት? አንቺ እንኳ በቁምሽ ተጠቀሚበት።"

ፈገግ አለች። ደግፈን አስገባናት። አደይ ደም ሥሯ ጠፍቶባት እጇን ደጋግማ ወጋችው፤ እንደ ምንም አገኘችው። በማግስቱ ተቋርጦ የነበረው ሽንቷ ሲመጣ፣ "በቃ፣ ተርፋለች" አለችኝ። ከእሷ በኋላ ድንኳኑ ሞላ። የገቡት ሁሉ ድነው ወጡ።

በሽታው ጋብ ብሏል። ትናንት ድንኳኑ በክሎሪን ታጥቦ ተመለሰ። እናትሽ እርጥቡን አጥፋችሁታል ብላ ባልቻን እንደገና አስዘረጋችው። "የእኔ ተራ ሲደርስ ብስባሽ ልታለብሱኝ ነው?" ትለዋለች። እሱም "አንቺማ ድርሻሽን ወስደሻል" ይላታል።

ሥራሽን ጥለሽ እንዳትመጪ። ስትደውዪ "ደህና ነኝ" ካለችሽ እመኛት፤ አሁን እውነቷን ነው። እኔም ደህና ነኝ። ሱቄን ግን ከዚያ ወዲህ አልከፈትኩም። እናትሽ በየጠዋቱ "ምን አጠገቤ ትጎለትብኛለህ፣ ሂድ" ትለኛለች፤ ነገ እሄዳለሁ እላታለሁ።

አላህ ካለሽበት ይጠብቅሽ፤ ሁላችንንም በጤና ያገናኘን።

አባትሽ ሰይዶ