ከፖስታው ያላወጣሁት ወረቀት

ውድ አባቴ፣

ከሞትክ ሦስት ወር ሆነህ። በሕይወት ሳለህ ልነግርህ የሚገባኝን ነገር ዛሬ ነው የምጽፍልህ። ብትሰማ ምን እንደምትል አውቃለሁ፤ "ተይው ልጄ፣ የሆነው ሆኗል" ትለኝ ነበር። ዝም ያልኩህም ይህን ላለመስማት ነው። ከቁጣህ ይልቅ ይቅርታህ ያስፈራኝ ነበር።

"ዶክተሬ" እያልክ ነበር የምትጠራኝ። የራጅ ባለሙያ መሆኔን፣ ማሽኑን አንቀሳቅሳለሁ እንጂ ፊልም አንብቤ በሽታ እንደማልለይ ስንት ጊዜ ነገርኩህ? አንድ ጊዜ ብቻ፣ እሱንም እየሳቅሁ። ደስ ይለኝ ነበራ። እንጨት ቤትህ ለመጣው ደንበኛ ሁሉ መላጊያህን አስቀምጠህ፣ "የኔዋ ልጅ እኮ የሰው ሆድ ውስጥ ታያለች" ስትል ደረቴ ይነፋ ነበር።

ሳሉ አልለቅህ ሲል ሰፈር ካለው ክሊኒክ የደረት ራጅ ተነሥተህ ፊልሙን በፖስታ ይዘህልኝ መጣህ።

"ሐኪሙ ጋ ተመልሼ ወረፋ ከምጠብቅ አንቺው እይልኝ" አልክ።

ፊልሙን ከፖስታው ስቤ ወደ መስኮቱ አነሳሁት። የልብህን ጥላ አየሁ፣ ጎድኖችህን ቆጠርኩ፣ እንደ አዋቂ ራሴን ነቀነቅሁ።

"ንጹሕ ነው አባዬ። የእንጨቱ ብናኝ ነው የሚያስልህ። ሲጋራውን ብቻ ቀንስ።"

"አላልኩሽም?" አልካት እናቴን። "በከንቱ ስትጨቀጭቂኝ።"

ሙት ወቃሽ አያድርገኝና፣ በዚህ ተቀይሜሃለሁ። እኔ ጋ የመጣኸው መስማት የምትፈልገውን እንደምነግርህ ስለምታውቅ ነው።

ዘጠኝ ወር አለፈ። ደም ያለበት አክታ ስትተፋ ወደምሠራበት ሆስፒታል አመጣሁህ፤ ሲቲ ስካኑ ላይ ያስተኛሁህም እኔው ነኝ። ከመስታወቱ ማዶ ሆኜ "ትንፋሽህን ሳብ፣ ያዝ" አልኩህ። ምስሉ ቁራጭ በቁራጭ ሲመጣ፣ በቀኝ ሳንባህ ጫፍ ላይ ሎሚ የሚያህል እብጠት አየሁ። ያንን ለማየት ሐኪም መሆን አያስፈልግም። "ተንፍስ" ማለቱን ረሳሁት፤ ራስህ ተነፈስክ።

ምስሉን የሚያነበው ሐኪም፣ "የድሮ ፊልም ካለው አምጪና ላወዳድር" አለኝ። ቤት ሄጄ ፖስታውን ከቁም ሳጥኑ አናት አወረድኩት። ፊልሙን ስስበው አንድ የታጠፈ ወረቀት ተከትሎት ወጣ። የክሊኒኩ ሐኪም የጻፈው ነው፦ በቀኝ ሳንባ ጫፍ ላይ ትንሽ ጥላ ይታያል፤ በአስቸኳይ በሲቲ ስካን ይረጋገጥ። አንተ የሐኪም ጽሑፍ አይገባህም፤ እኔ ደግሞ "ዶክተር" ነኝና ፖስታው ውስጥ ሌላ ነገር መፈለግ አላስፈለገኝም። ፊልሙን ለሐኪሙ ሰጠሁት፣ ወረቀቱን ግን ቦርሳዬ ውስጥ አስቀረሁት።

ከዚያ ናሙና ተወሰደ። ረጅሙ መርፌ በጎድኖችህ መካከል ሊገባ ሲል፣ "ክር የምታህል ሥጋ ምን ልትናገር ነው?" ብለህ ቀለድክ። ከአሥር ቀን በኋላ ውጤቱ መጣ፤ ካንሰር ነው፣ የተነሣውም ከሳንባህ ነው። የት ድረስ እንደሄደ ለማወቅ ሌላውም አካልህ ታየ። ጉበትህ ላይ ሦስት ቦታ፣ ጭንቅላትህ ውስጥ አንድ ቦታ ተገኘ።

"ደረጃ አራት ነው" አለኝ ሐኪሙ። "ከዚህ በኋላ ማስታገስ እንጂ ማዳን አንችልም።"

"በመጀመሪያው ፊልም ጊዜስ?"

"ያኔ ሁለት ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ሌላ ቦታ ካልደረሰ ቀዶ ማውጣት ይቻል ነበር።" ቀና ብሎ አየኝ። "ፊልሙን ማን ነው ያየለት?"

"አላውቅም" አልኩት።

አንተ ግን አልጋህ ላይ ሆነህ ለጠያቂው ሁሉ፣ "ልጄ ናት ያገኘችልኝ፤ እሷ ባትኖር ምን እንደያዘኝ እንኳን ሳላውቅ እሞት ነበር" ትል ነበር። ሰው ይመርቀኛል፣ እኔም አሜን እላለሁ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል። የአባቱን በሽታ ስለደበቀ ሰው የተተረተ ግን አልሰማሁም።

ትናንት ታናሽ ወንድምህ የደረቱን ፊልም ይዞ መጣ። እሱም ያስለዋል።

"እስቲ እይልኝ" አለ።

"እኔ አላይም አጎቴ። ፖስታውን እንዳለ ለሐኪም ውሰድለት።"

ፊቱ ተለዋወጠ። "ለኔ ሲሆን ነው? ለአባትሽ አይተሽለት የለም እንዴ?"

እናቴ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር።

"አይቼለታለሁ" አልኩት። "ንጹሕ ነው አልኩት።"

ወረቀቱን ከቦርሳዬ አውጥቼ አነበብኩላቸው፤ ቀኑንም ጭምር። አጎቴ ፊልሙን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ወጣ። እናቴ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች። ዛሬም አላናገረችኝም። በሩን ባንኳኳ ምን እንደምላት አላውቅም፤ እኔና እሷ በተኳረፍን ቁጥር መሀል ገብተህ የምታስታርቀን አንተ ነበርክ።

ልጅህ